«ኮንጎ» ብዬ ጠራሁት

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የ29 ዓመት መምህርት ነኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የአንድ 7ኛ ክፍል ሴክሽን ኃላፊ ነኝ። 54 ልጆች አሉኝ። ሠፈሩን የሚያውቅ ሰው የክፍሌን መልክ ይገምታል። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ከመሀል ከተማ የመጡ ሰዎች ልጆች አሉ። የተከራዮች ልጆች አሉ። እዚሁ ያረሱ የነበሩ ገበሬዎች ልጆች አሉ። ከገጠር መጥተው ዘመድ ጋር የተጠጉም አሉ።

መስከረም ላይ ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ አንድ ልጅ ተመዘገበ። 13 ዓመቱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ አክስቱ ጋር ነው የሚኖረው። አክስቱ ጎህ ሳይቀድ ለአትክልት እየወጣች ጉልት ትቸረችራለች። የመጀመሪያ ቀን ኮንጎ ጫማ አድርጎ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ኮንጎ» ሆነ። በሳምንቱ አክስቱ ሸራ ጫማ ገዛችለት። ስሙ ግን አልተቀየረም።

መጀመሪያ ፉገራ ነበር። አነጋገሩን እየደገሙ ሙድ ይይዙበታል። ቀጥሎ ደብተሩ ይጠፋና ሽንት ቤት አጠገብ ይገኛል። በምገባ ሰዓት ከሰልፉ ገፍተው ወደ ኋላ ይመልሱታል። አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ «የኮንጎ ሚስት» ስለሚባል ማንም አብሮት አይቀመጥም። ኅዳር ላይ ደግሞ ፎቶውን አንስተው፣ ጭንቅላቱ ላይ ጫማ ለጥፈው የቴሌግራም ስቲከር ሠሩበት። የክፍሉ ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው የማይረባ ነገር ከተናገረ ያቺ ስቲከር ትላክለታለች።

አውራው አንድ ልጅ ነው። ተጫዋች ነው፣ ኳስ ይችላል፣ ሁሉም ይወዱታል። አባቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ናቸው። ስቲከሯን ሳይ ደሜ ፈላ። ልጁን ክፍሉ ፊት አንበረከክሁት፤ አባቱንም አስጠራሁ። አባትየው ስታፍ ገቡና ምንም ሳይጠይቁ፣ ሁላችንም እያየን፣ ልጃቸውን በጥፊ አጮሉት። «በቃ፣ አይለምደውም» ብለውን ሄዱ። በማግስቱ የእኔ ልጅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ መጣ። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ምንም አልሆንኩም ቲቸር፣ ወድቄ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ መቅረት አበዛ። የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና እንደምንም ተፈትኗል፤ በሒሳብ ከክፍሉ 3ኛ ወጥቷል። አሁን እረፍት ላይ ነን። ባለፈው አክስቱን መንገድ ላይ ሳገኛት «ከተማው አልሆነለትም መሰለኝ፣ ወደ እናቱ ልመልሰው ነው» አለችኝ።

ርዕሰ መምህሩ ልጁ ሴክሽን ይቀየር ይላሉ። ባልደረቦቼ «የልጅ ነገር ነው፣ እኛም እንዲሁ ስንባባል ነው ያደግነው፣ ራስሽን አታድክሚ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አውራው ይባረር ብዬ ልጽፍ ወረቀት አውጥቼ ሁለት ጊዜ ቀድጃለሁ። እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ ማስተማሩን ትቼ ሌላ ሥራ ልፈልግ ይሆን እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለማንም አልተናገርኩትም። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ክፍሉ ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ሰሌዳ የሚያጠፋልኝ ፈልጌ «ኮንጎ፣ እስኪ ና አጥፋልን» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ። ተነሥቶ አጠፋልኝ።

ምን ላድርግ?

የሒሳብ መምህርቷ

ምላሽ

መምህርት፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ እንድልሽ ፍቀጂልኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው የጀመርኩት ከታች ነው። «አንድ ነገር ልጨምር» ብለሽ ጫፉ ላይ የሸጎጥሻት ነገር ለእኔ ዋናዋ ናት። እንቅልፍ የነሣሽም ስቲከሯ ብቻ አትመስለኝም።

እኔም 11 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። ክፍሉ ሲስቅልሽ ምን እንደሚሰማ አውቀዋለሁ። 54 ልጅ ፊት ከክፍለ ጊዜ ክፍለ ጊዜ መቆም አድካሚ ነው፤ አንዲት የሳቅ ቀዳዳ ስትገኝ ሰው ዘው ይላል። ክፋት አልነበረብሽም። ልጁ ጋ የደረሰው ግን ሌላ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ «ኮንጎ» የልጆች ስም ነበር። አንቺ ስትጠሪው የክፍሉ ስም ሆነ። አውራውም ያን ቀን እዚያው ተቀምጦ ሰምቷል። ኅዳር ላይ ስታንበረክኪው በልቡ «እሷስ?» ሳይል የቀረ አይመስለኝም።

ልጁ መሳቁ አያጽናናሽ። የሚሳቅበት ልጅ አብሮ የሚስቀው ሌላ መውጫ ሲያጣ ነው። ቢያለቅስ ይብሳል። ቢያኮርፍ «አኩራፊ» የሚል ሁለተኛ ስም ይጨመርለታል። ስለዚህ ይስቃል። ከንፈሩ ተሰንጥቆም «ወድቄ ነው» ያለሽ ይኸው ልጅ ነው። እስኪ አስቢው፤ ለማን ብሎ ይናገር? ለጠራችው ቲቸር?

ይህን የምለው ቁስልሽ ላይ ጨው ልነሰንስ አይደለም። ከሁሉም ነገር በእጅሽ ያለው ይኸኛው ስለሆነ ነው። አባትየውን መቀየር አትችዪም። ርዕሰ መምህሩን ማዘዝ አትችዪም። ይህን ግን ነገ ማስተካከል ትችያለሽ። ለብቻው አግኚውና በአጭሩ ንገሪው። «ጥቅምት ላይ በዚያ ስም ጠራሁህ። ልክ አልነበርኩም። ይቅርታ አድርግልኝ።» በቃ። ሰበብ አትጨምሪበት፤ «እንደ ቀልድ ነው» አትበዪው። እሱ «ችግር የለም ቲቸር» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አትቸኩዪ። ትንሽ ዝም በዪና «ክፍሉ ፊትም እንድለው ትፈልጋለህ ወይስ በእኛ መካከል ይቅር?» ብለሽ ጠይቂው። ምርጫውን ለእሱ ተዪለት። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ እሱ የመረጠው ነገር ያለ አይመስለኝም።

መምህር ተማሪውን ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል የሚል ሰው እዚያው ስታፍ ውስጥ ታገኛለሽ። እኔ የተናቀ መምህር አይቻለሁ፤ ግን በዚህ ምክንያት ሲናቅ አላየሁም።

ባልደረቦችሽ «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ማለታቸው ውሸት አይደለም። አድገናል። እኔ 6ኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ልጅ ነበር፤ ስሙን ሳይሆን ያወጣንለትን ስም ነው ዛሬ የማስታውሰው። እኔ አልመታሁትም። ሲመቱት ቦርሳቸውን እይዝላቸው ነበር። ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰም። የት እንደደረሰ አላውቅም። «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ሲባል የሚያወራው ያደገው ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያልመጣው ስታፍ ውስጥ የለም።

ደግሞ ፉገራን ሁሉ ጥቃት አንበለው። ጓደኛሞች ይበሻሸቃሉ፤ ዛሬ አንተ፣ ነገ እኔ። ልዩነቱን ባልደረቦችሽ እንዲረዱልሽ ከፈለግሽ የዳን ኦልዌስን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቂያቸው። ኖርዌይ ውስጥ የሠራ የሥነ ልቦና ምሁር ነው፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህንኑ ሲያጠና ኖሯል። ሆን ተብሎ ነው? ይደጋገማል? ተጠቂው ራሱን መከላከል የማይችልበት የአቅም ልዩነት አለ? የአንቺ ልጅ ሦስቱም አለበት። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም። አንዱ ኳስ ይችላል፣ ክፍሉ ይስቅለታል፣ አባቱ ኮሚቴ ናቸው። ሌላው አነጋገሩ ይሳቅበታል፣ ያለችው አክስቱ ናት፣ እሷም ጎህ ሳይቀድ ለአትክልት ትወጣለች። ደግሞ መቅረቱን አትርሺ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ3 ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ ጥቃት እንደደረሰበት ተናግሯል፤ ደጋግመው የሚጠቁት ደግሞ ከትምህርት የመቅረት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የአክስትየው «ከተማው አልሆነለትም» የሚለው ነገር ከተማውን አይመስለኝም።

ስለ ማንበርከኩ ብዙ አልልም፤ አንቺው በደብዳቤሽ ውስጥ መልሱን ጽፈሽዋል። ሕገ መንግሥቱ፣ የ1987ቱ፣ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ ነው እንደሚል ታውቂያለሽ። ሕጉን ለጊዜው ተዪውና የሆነውን ተመልከቺ። አንድ ልጅ እኩዮቹ ፊት ተንበረከከ። በአስተማሪዎቹ ፊት በጥፊ ተመታ። ያን ሁሉ ውርደት የት ይውሰደው? ወዳንቺ መመለስ አይችልም። ወደ አባቱም አይችልም። ከእሱ በታች ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። በማግስቱ ከንፈሩን ያየሽው ያ ልጅ።

አባትየው ጥያቄ ሳይጠይቁ እጃቸው መሰንዘሩም አንድ ነገር ይነግርሻል። ሰው ስታፍ ውስጥ እንዲህ ካደረገ ቤቱ ውስጥ ምን ያደርጋል? አውራው ጉልበት ያለው እንደሚያዝ ከቤቱ ተምሮ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ ደልቶት ሌላውን የሚያበሽቅ ልጅም ሞልቷል። ጠይቀሽ እንጂ ገምተሽ አትወስኚ።

አሁን ወደ 54ቱ እንምጣ። ነገሩ የሚፈታው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አውራው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያቺን ስቲከር ለማን ይልካታል? ቀልድ ሳቂ ይፈልጋል። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ልጆችን በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ በካሜራ ቀርጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከ10 ጥቃት ወደ 9ኙ የተፈጸመው ሌሎች ልጆች እያዩ ነው። ጣልቃ የገቡት ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ5 አንድ ጊዜ ገደማ። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ልጅ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። 10 ሰከንድ! ፊንላንዶችም ኪቫ የሚሉትን፣ በትምህርት ቤት ጥቃትን የሚከላከሉበትን ፕሮግራማቸውን የቀረጹት በአጥቂው ላይ ሳይሆን በዋነኛነት በተመልካቹ ላይ ነው።

እና አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ያን የጥቅምት ቀን ክፍሉ ሲፈነዳ ያልሳቀ ማን ነበር? ዓይንሽን ጨፍነሽ አስቢ። መስኮት አጠገብ የምትቀመጠዋ? ከኋላ ያለው ረጅሙ? ሁልጊዜ ሁለት ሦስት አሉ። ስቲከሯን ልከው የማያውቁ፣ ግን «ተው» ቢሉ ተራው እንዳይደርሳቸው የሚፈሩ። እነሱን ፈልጊያቸው። ክፍል ፊት አታሞግሻቸው፤ ሌላ ዒላማ ታደርጊያቸዋለሽ። ለየብቻ፣ ደብተር ሲያመጡ ወይም በኮሪደር ስታልፊ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ጠይቂያቸው። «ምገባ ላይ አብረኸው ተሰለፍ።» «መውጫ ላይ እስከ ብሎካችሁ አብራችሁ ሂዱ።» ጀግና ሁኑ አትበያቸው። ጀግንነት ለ13 ዓመት ልጅ ከባድ ነው። አብሮ መሰለፍ ግን ይቻላል።

ዕድለኛ ነሽ፤ የመንፈቅ ዓመት መለወጫ ላይ ነሽ። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀመር አቀማመጥ ቢቀየር ማንም አይጠረጥርም። መላውን ክፍል በየጠረጴዛው አዲስ አድርገሽ አስቀምጪ፤ አንድ ለአምስቱንም እንደ አዲስ አዋቅሪ። ያልሳቁትን ሁለቱን ከእሱ ጋር አድርጊ። አውራውን ከአጫፋሪዎቹ ለይ፤ ግን ብቻውን ጥግ ላይ አታስቀምጪው፤ ያም ሌላ ማንበርከክ ነው። ልጁ በሒሳብ 3ኛ መውጣቱ ለቡድኑ ይጠቅማል። ብቻ አደራ፣ «እዩት፣ እሱ እንኳን እንዴት እንደሠራው» ብለሽ እንዳታቆሚው። ልጆች አስተማሪ ሆን ብሎ የሚያነሣውን ልጅ ወዲያው ያሸታሉ። ተዪው፣ በራሱ ጊዜ የቡድኑን ጥያቄ ይፍታ።

ከአጫፋሪዎቹና ከአውራው ጋር ደግሞ ማውራት አለብሽ፤ በቡድን ሳይሆን አንድ በአንድ። አናቶል ፒካስ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ምሁር ያቀረበው መንገድ አለ፤ እኔ በጣም ነው የምወደው፤ ምክንያቱም «ማን ጀመረ?» ብሎ አይጠይቅም። «ማን ጀመረ?» ካልሽ ጠበቃ ሁሉ ይነሣል። በእሱ መንገድ ንግግሩ እንዲህ ያለ ነው።

«ያ ልጅ ክፍል ውስጥ ደህና አይደለም፤ እያየሁ ነው። አንተስ ምን ታያለህ?»

ዝም ይላል። ተዪው ዝም ይበል። ቆይቶ «እኔ ምንም አላደረግኩትም» ይልሻል።

«አድርገሃል አላልኩህም። ደህና ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

«...እሱማ ደህና አይደለም።»

«ለመሻሻል አንተ ምን ልታደርግ ትችላለህ?»

አንዲት ነገር ከተናገረ፣ «ስቲከሯን አልልክም» ብትሆንም እንኳ፣ ያዢያት። «በሳምንቱ እጠይቅሃለሁ» በዪውና በሳምንቱ የእውነት ጠይቂው። መጠየቁን ከረሳሽ ሁሉም ነገር ፈሰሰ። እኔ ብሆን ከአውራው አልጀምርም፤ ከዳር ካሉት እጀምራለሁ። እሱ ጋ ስትደርሺ የሚስቅለት ሰው አንሶ ያገኝሻል። ለእሱ ደግሞ አንድ የምትጨምሪው አለ፤ አንበርክኬህ ነበር፣ ያም ልክ አልነበረም። ይህ ይከብድሻል፤ አውቃለሁ። ለእሱም ይቅርታ? ለእሱም።

ልጆቹን ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ታረቁ፣ ተሳሳሙ» ማለት ግን ይቅር። የእኛ ነገር ዕርቅ ይወዳል፤ ደስ ይላል። እኩል የተጣሉ ሰዎች ይታረቃሉ። እዚህ ግን አንዱ ብቻ ነው ሲመታ የከረመው። ቢሮ ውስጥ ተሳስመው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ምን እንደሚጠብቀው እሱ ያውቃል።

ስቲከሯን በተመለከተ፣ መጀመሪያ በስልክሽ ስክሪንሾት ያዢ። ማስረጃ ነው። ከዚያ ግሩፑን የከፈተውን ልጅ ጥሪና ስቲከሯም መልእክቶቹም እንዲሰረዙ አድርጊ። ክፍል ውስጥ ስለ ስቲከሯ ንግግር አታድርጊ፤ ያላያት ቢኖር በዚያው ፈልጎ ያያታል።

አሁን ርዕሰ መምህሩ ስላሉት። ሴክሽን መቀየር ለአስተዳደር ቀላል ነው፤ አንድ ፊርማ። እኔ ግን ልጁ ራሱ ካልጠየቀ አልደግፈውም። ሦስት ደረጃ ወጥቶ ሌላ ክፍል ቢገባ፣ ሜዳው አንድ፣ የምገባው ሰልፍ አንድ፣ ቴሌግራሙም አንድ ነው። ስሙ ቀድሞት ይገባል። 54ቱም የሚረዱት ነገር «አባረርነው» የሚል ነው። ከጠየቀ ግን፣ «እዚያ ክፍል ዳግም መግባት አልችልም» ካለ፣ አንቺ ቀድመሽ ፈርሚለት። የእሱ መዳን ከአንቺ ክፍል መስተካከል ይቀድማል።

አውራው ይባረር የሚለውን ወረቀት ሁለት ጊዜ መቅደድሽ ጥሩ አደረግሽ። ቢባረር ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ አጫፋሪው ይቀመጥበታል። የተሰነጠቀው ከንፈር ግን ፉገራ አይደለም፣ ድብደባ ነው። እሱ በጽሑፍ መያዝ አለበት። አንድ ደብተር ለይተሽ ቀን፣ ቦታ፣ የሆነው ነገር፣ ማን እንደነበረ ጻፊ። ለርዕሰ መምህሩም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቂ። እንዲህ ካደረግሽ አባትየው የኮሚቴ አባል መሆናቸው ያን ያህል አያስፈራም፤ አንቺ ብቻሽን የምታወሪው ነገር መሆኑ ይቀራል።

አባትየውን እንደገና ማግኘት አለብሽ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስታፍ ውስጥ ሰው ሰብስበሽ አይደለም። የሚያከብሩት አንድ ትልቅ ሰው፣ ምናልባት ከኅብረቱ ራሱ፣ ይዘሽ ሂጂ። በክስ አትጀምሪ። «ልጅዎ ክፍሉ ይሰማዋል፤ ይህን መሪነት ለደህና ነገር እንዲያውለው ያግዙኝ» በያቸው። ከዚያ አደራ በያቸው፤ «አደራ፣ እንዳይመቱት። ሲመቱት ይብሳል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።» አደራ የተባለ አባት ቢያንስ ሁለቴ ያስባል። እየመቱት መሆኑን ካወቅሽ ግን ያም ልጅ ያንቺ ተማሪ ነው፤ ዝም አትበዪ።

ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም፤ ብቸኝነት የተሰማሽ ስታፉን ብቻ ስለምታዪ ይመስለኛል። መጋቢ እናቶቹን አናግሪያቸው። ጠዋትና ምሳ ሰዓት ማን ማንን እንደሚገፋ ከእነሱ በላይ የሚያይ የለም። «ያ ልጅ ሲመጣ ዓይናችሁን ጣሉልኝ» ካልሻቸው እንደ ልጃቸው ነው የሚይዙት። የበሩን ዘበኛም እንዲሁ። መውጫ ሰዓት ላይ ከበሩ እስከ ብሎኮቹ ያለው መንገድ መምህር አይደርስበትም፤ ቡና የምታፈላው ሴትዮ ግን ትደርስበታለች።

ማስተማሩን ልተው ይሆን ላልሽው አሁን አልመልስልሽም። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ባይወስን ይሻለዋል። አንድ ነገር ግን ራስሽን ጠይቂ፤ የሰለቸሽ ማስተማሩ ነው ወይስ ብቻሽን መሸከሙ? ሁለቱ ሌሊት ላይ ይመሳሰላሉ። «ራስሽን አታድክሚ» ካሉሽ ባልደረቦች መካከል ትንሽ ያዘነችልሽ አንዲት አትጠፋም። ለእሷ የጥቅምቱን ነገር ንገሪያት። ለእኔ ከነገርሽኝ ለእሷም ትችያለሽ። ምናልባት እሷም የራሷን ትነግርሽ ይሆናል፤ በዚህ ሙያ የሌለበት ሰው አላጋጠመኝም።

ይህ ሁሉ ግን ልጁ ካለ ነው። ወደ እናቱ ከተመለሰ የምታስተካክዪው አቀማመጥ የለም። ስለዚህ እረፍቱ ሳያልቅ አክስቱ ቤት ሂጂ። ምክንያት አታጪም፤ በሒሳብ 3ኛ ወጥቷል፣ ለዚያ ነው የመጣሽው። አክስትየው እስካሁን ከትምህርት ቤት ደህና ወሬ የሰማች አይመስለኝም፤ መጀመሪያ እሱን ትስማ። ከዚያ ልጁ በሌለበት፣ ክፍል ውስጥ የደረሰበትን ሳትደብቂ ንገሪያት። «ከተማው አይደለም ያልሆነለት» በያት። አንድ ወር ስጪኝ ብለሽ ጠይቂያት። አንድ ወር ሰው አይከለክልም።

ከእሱ ጋር ስትሆኚ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ከቤት መውጣቱን ጠይቂ። «መኖር ሰለቸኝ»፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ፣ የልጅ ወሬ ነው ብለሽ አትለፊው፤ ብቻውን አትተዪው፤ በዚያው ቀን ከአክስቱ ጋር ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ከዚያ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ። ድብደባው ከተደገመም የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የጻፍሻትን ደብተር ይዘሽ ሂጂ።

ይቅርታውንም እዚያው ትጠይቂዋለሽ። አክስቱና የአክስቱ ልጆች ፊት አይሁን፤ ደጅ ወጣ በሉ። በስሙ ጥሪው፤ ሙሉ ስሙን። እና ጠዋት እንዳትሄጂ፤ አክስቱ ጎህ ሳይቀድ ነው የምትወጣው። ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ጉልቷን ስታነሣ ብትደርሺ፣ ዘንቢሏን ተቀብለሽ አብራችሁ ትገባላችሁ።